ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ አንድ ሽቦ ለሁለቱ አይበቃም ማለት ነው?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናታችን ቤት ያለው መደበኛ ስልክ በዕድሜ ይበልጠኛል። በዚያው መስመር ላይ የቤት ብሮድባንድ ካስገባን ወዲህ ግን ቤቱ ሰላም አጥቷል። ስልኩ ዝም ባለ ጊዜ ኢንተርኔቱ ደኅና ይሠራል። ስልኩ ሲጠራ የሞደሙ «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት መርገብገብ ይጀምርና ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል፤ እስኪመለስም ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

የገረመኝ ሌላ ነው። እናቴ እጀታውን አንሥታ ማውራት ከጀመረች በኋላ ኢንተርኔቱ ይመለስና ወሬው እስኪያልቅ ድረስ ምንም አይነካውም። ስትዘጋው ጥቂት ቆይቶ እንደገና መዋዠቅ ይጀምራል። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ብሶበታል።

እኔ ለነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ የምሠራው ከቤት ነው። ፋይል እየላክሁ መሃል ላይ ሲቆረጥ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ። ወንድሜ «ድሮም ሁለቱን በአንድ ሽቦ ማስኬድ አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ይበላል፤ ስልኩን እንመልስ» ይላል። የከሚሴዋ አክስቴ የምትደውለው በዚሁ ስልክ ስለሆነ እናቴ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ስልክ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብላለች። እውነቱ የትኛው ነው? ከመካከላችሁ ይህን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አራዳ (ደሴ)

ወንድምህ ልክ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ጀምሮ ያየነው ይኸው ነው። ኢንተርኔት ከተከፈተ ለሚደውል ሰው መስመሩ ተይዟል፤ ስልክ ከተነሣ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ያ የሚንጫጫ ሞደም ትዝ አይላችሁም? ወይ እናትህን ለምነህ ስልኩን ንቀለው፤ ወይ ፋይበር አስገባ። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በስልክ ምሰሶና በማከፋፈያ ሳጥን መካከል ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ተቀምጬ ጡረታዬን እበላለሁ። ስለዚህ ስልኩን ከመንቀልህ በፊት ስማኝ።

አራዳ የሚናገረው ስለ ድሮው ሞደም ነው። ያ ሞደም ኢንተርኔቱን ወደ ድምፅ ለውጦ የሰው ንግግር በሚሄድበት ቦታ ላይ ነበር የሚያስኬደው፤ የሚንጫጫውም ለዚሁ ነው። እሱ ሲናገር ሌላ ሰው መናገር አይችልም። ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ56 ኪሎ ቢት አያልፍም ነበር። አንተ ቤት ያለው ዲኤስኤል ግን የንግግሩን ቦታ ጨርሶ አይነካም፤ ከንግግሩ በላይ ባለው፣ ስልክ ተጠቅሞበት በማያውቀው ቦታ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ ታስቦ የተሠራ ነው። እናትህ ቀኑን ሙሉ ቢያወሩ አንተ ቀኑን ሙሉ መሥራት አለብህ።

የነገርኸን ምልክት ለእኔ የታወቀ ነው። ሲጠራ ይቆረጣል፣ ሲነሣ ይድናል፣ ዝናብ ሲመጣ ይብሳል። ይህ የዛገ መገጣጠሚያ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለበት አለ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሦስት ነገር ንገረኝ። ከምሰሶው የመጣው ሽቦ ቤት የሚገባው በየት ነው? በቤቱ ውስጥ ስንት ስልክ ተሰክቷል፣ የማይሠራውም ጭምር? ስፕሊተሩስ፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሞገድ የሚለየው ትንሽ ሳጥን፣ የት ነው የተቀመጠው?

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስደግፈው፤ ቁጥሩን ያየ ሰው «አንዱ ሌላውን ይበላል» ማለቱን ይተዋል።

በስልክ የሚሄደው የሰው ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ ማለትም ድግግሞሹ) ድረስ ያለው ብቻ ነው። ሰው ለመግባባት ይህ በቂ ሆኖ ስለተገኘ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል። በስልክ የተሰማ ሙዚቃ የሚታፈነውም በዚህ ምክንያት ነው። የመዳብ ሽቦው ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ድግግሞሽ መሸከም ይችላል። ኤዲኤስኤል፣ ማለትም በየቤቱ የተለመደው የዲኤስኤል ዓይነት፣ የሚጀምረው 26 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ እስከ 138 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ከቤት ወደ ውጭ ለሚላከው፣ ከ138 እስከ 1,104 ያለውን ወደ ቤት ለሚመጣው መድቦታል። በኋላ የመጣው፣ ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ የሚባለው፣ ላይኛውን ወሰን ወደ 2,208 ኪሎ ኸርዝ አሳድጎታል። በንግግሩና በኢንተርኔቱ መካከል ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ባዶ ሜዳ ተትቷል ማለት ነው።

ሠርግ ቤት ከበሮና ዋሽንት አብረው ሲጫወቱ ጆሮአችን ሁለቱን ለይቶ ይሰማል። አየሩ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን አይደባለቅብንም። በሽቦው ላይ ይህን የመለየት ሥራ የሚሠራው ስፕሊተር ወይም ፊልተር የምንለው ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ ጥቂት መጠምጠሚያዎችና ካፓሲተሮች ናቸው፤ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ወደ ስልኩ ያሳልፋል፣ ከፍተኛውን ያግዳል። መብራት እንኳን አይፈልግም።

ደስ የሚለኝ ነገር ልጨምር። ሞደሙ ያንን ሰፊ ቦታ እንደ አንድ መንገድ አይጠቀምበትም። እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎ ኸርዝ በሆኑ 256 ጠባብ ክፍሎች ይቆርሰዋል፤ በኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ 512 ይሆናሉ። ሲነሣ እያንዳንዱን ክፍል ይመረምራል። ንጹሕ በሆነው ላይ ብዙ ይጭናል፣ ጫጫታ ባለበት ላይ ጥቂት፣ በተበላሸው ላይ ምንም። መብራቱ የሚርገበገበው ይህን ምርመራ ሲያካሂድ ነው። ስለዚህ በተቆረጠ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ ሽቦውን እንደ አዲስ የሚፈትንበት ነው።

አራዳ (ደሴ)

መምህር፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን እኛ ቤት ሰው ሲያወራ ቪዲዮ ሲንቀራፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሩ ዓይኔን ያሳውረኝ?

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ሰውየው በምንድን ነው የሚያወራው? በመደበኛው ስልክ ከሆነ ከኢንተርኔቱ አንዲት ቢት አይወስድም። በቴሌግራም ወይም በኢሞ ከሆነ ግን እሱ ራሱ ኢንተርኔት ነው። ድምፅ ብቻ ከሆነ የሚወስደው በሴኮንድ መቶ ኪሎ ቢት ቢሆን ነው፤ ምስል ከጨመረበት ግን ወደ ውጭ የሚላከውን ጠባብ ክፍል ይሞላዋል። ወደ ውጭ የተመደበው ቦታ ወደ ቤት ከሚመጣው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ከላይ ካሉት ቁጥሮች ማስላት ይቻላል። የመላኪያው መንገድ ሲጨናነቅ የሚመጣውም ይንቀራፈፋል፤ ቪዲዮውን የሚልከው ኮምፒውተር «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ሳያገኝ አይቀጥልምና።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጠየቁኝ መልስ ይኸውላችሁ።

ሽቦው ከምሰሶው መጥቶ በጓሮ በኩል ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይገባል። ከዚያ ወደ ሳሎን ይወርድና የእናቴ ስልክ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ከሳሎኑ ሶኬት ሌላ ሽቦ ተቀጥሎ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። ስፕሊተሩ እኔ ክፍል፣ ሞደሙ አጠገብ ነው። ሲገጠምልን የተተወው እንደዚህ ነው። የ«ፎን» ቀዳዳው ባዶ ነው፤ እኔ ጋ ስልክ የለምና።

ሌላ ስልክ የለም። ድሮ ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄድ ኤክስቴንሽን ነበረ ብላ እናቴ ታስታውሳለች። አሁን እዚያ ተማሪ ተከራይቶበታል።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

ይኸው ተገኘ እኮ! ስፕሊተሩ የተቀመጠው ሊጠብቀው የሚገባው ስልክ በሌለበት ክፍል ነው። የእናትህ ስልክ ያለ ምንም ፊልተር ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል። በር ሳይኖር ዘበኛ ማቆም ምን ይሠራል?

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ። ስልኩ ተዘግቶ ሲቀመጥ በሽቦው ላይ ከማዞሪያው ጣቢያ የሚመጣ 48 ቮልት ይቆማል፤ ግን የሚፈስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መገጣጠሚያው ዝጎ እንደሆነ የዝገቱ ስስ ሽፋን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ይጋረዳል። የኢንተርኔቱ ሞገድ በጣም ደካማ ስለሆነ ያንን ሽፋን በግድ ነው የሚያልፈው። እናትህ እጀታውን ሲያነሡ ግን ከ20 እስከ 40 ሚሊ አምፔር ያህል መፍሰስ ይጀምራል። ያ ፍሰት ሽፋኑን ሰብሮ ያልፋል፣ መገጣጠሚያውም ለጊዜው ደኅና ይሆናል። እሳቸው ሲያወሩ ኢንተርኔትህ የሚድነው በዚህ ነው። ሲዘጉት ሽፋኑ ይመለሳል። ስንት ደንበኛ «ስልኩን ካላነሣሁት ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብሎ እጀታውን ትራስ ላይ አስተኝቶት አግኝቻለሁ!

ሲጠራ ደግሞ ሌላ ነው። ደወሉን የሚያስጮኸው በሴኮንድ 20 ወይም 25 ጊዜ የሚመላለስ፣ ከ75 እስከ 90 ቮልት ገደማ የሆነ ኃይል ነው። ይህ ኃይል የዛገውን ቦታ ሲመታው መገጣጠሚያው ይንጣጣል፤ ያለ ፊልተር የተሰካው ስልክም የራሱን ረብሻ ይጨምርበታል። ሞደሙ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ይሆናል፣ መስመሩን ይጥላል።

የምታደርገው ይህ ነው። ፊልተር ገዝተህ በእናትህ ስልክና በሶኬቱ መካከል አስገባ። «ላይን» የሚለው ወደ ግድግዳው፣ «ፎን» የሚለው ወደ ስልኩ። በተቃራኒው የሚሰኩ ሞልተዋል፤ ሞደሙን ከ«ፎን» ቀዳዳ ጋር ያገናኘ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱን በገዛ እጁ አግዶታል። ከዚያ ካቻቪቴህን ይዘህ ክፈፉ ሥር ውጣና ሽቦው የተቀጠለበትን ፈልግ። በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ካገኘኸው አትፍታው፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልን። ስልክ ሊጠራ ስለሚችል ባዶ ሽቦ በእርጥብ እጅ አትንካ፤ 90 ቮልት ከመሰላል ይጥላል።

ያንን የሰርቪስ ኤክስቴንሽን ደግሞ ተከተለው። «ድሮ ነበረ» የሚባል ሽቦ አላምንም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ጆሮህን ተጠቀም። እጀታውን አንሣና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫን፤ የመደወያው ድምፅ ይቆማል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቅርክርታ ወይም እንደ ዘይት መጥበሻ የሚል ነገር ከሰማህ ሽቦው ታሟል። ሌላው ነገር፣ ያለንበት ክረምት ነው። ጦሳ ላይ መብረቅ ሲጀምር ሞደሙን ከኤሌክትሪኩ ብቻ ሳይሆን ከስልክ ሽቦውም ንቀለው። የእኔን ያቃጠለው በስልኩ ሽቦ በኩል ነው የገባው፤ ኤሌክትሪኩማ ተነቅሎ ነበር።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እኔም አንድ ልጠይቅዎ። የእኛ ቤት ሦስት ስልክ አለ፤ አንዱ ገመድ አልባ ነው፤ በዚያ ላይ ፋክስ። ለእያንዳንዱ ፊልተር ልግዛ ወይስ መግቢያው ላይ አንድ ስፕሊተር ይበቃል?

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

እታለም፣ መግቢያው ላይ አንድ ስፕሊተር። ሽቦው ቤት እንደገባ ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ንጹሕ ሽቦ በቀጥታ ወደ ሞደሙ ይሂድ፣ ሌላው ተጣርቶ ወደ ስልኮቹ ሁሉ። ያኔ ከስፕሊተሩ በኋላ ያለው የስልክ ሽቦ ቢያረጅም ቢበጣጠስም ለኢንተርኔቱ ግድ የለውም። ፋክሱም ያው ስልክ ነው፤ ከስልኮቹ ጋር ይሁን።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ጋሼን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን እንለያያለን። አዲስ ሽቦ መዘርጋት ግድግዳ መብሳት ነው፤ የኪራይ ቤት ከሆነ ባለቤቱ አይፈቅድም። ሦስትና አራት ስልክ ላለበት ቤት ትንንሾቹ ፊልተሮች ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ፣ ርካሽም ናቸው።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

ይሠራሉ፤ አልካድሁም። ግን ቁጥራቸው ሲበዛ የስልኩን ድምፅ ያደክሙታል፤ ደግሞ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም እየነቀልህ መኖር ነው። መምህር፣ አንተ የምታስበው ለገጠማ ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ለጥገና ቀን።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም። ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ፊልተሩን ከፒያሳ ገዝቼ በእናቴ ስልክ ላይ አስገባሁ። ቅርክርታው ቀነሰ፤ ስልክ ሲጠራ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይቆረጣል። ወደ ክፈፉ ወጣሁ። ጋሼ እንዳሉት ጥቁር ናስትሮ ነው፤ ፀሐይ በልቶት ሙጫው ወደ ዝልግልግ ነገር ተለውጧል። ቴክኒሻን አብሮኝ ስለነበረ ፈታነው። ውስጡ ሁለቱ ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘዋል፤ መዳቡ በላዩ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል። አንደኛው ሽቦ ከግማሽ በላይ ተበልቶ በቀጭን ክር ነው የተያዘው። ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ዝናብ በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ የሚመጣው በቀጥታ ወደዚያ ነው።

ኤክስቴንሽኑ ደግሞ አለ! ከዚያው መገጣጠሚያ ላይ ሦስተኛ ሽቦ ተቀጥሎ በግቢው አጥር ተንጠልጥሎ ወደ ሰርቪሱ ይሄዳል። ተማሪው በሩን ከፈተልን። ከአልጋው ራስጌ፣ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ፣ ያ የሚሽከረከር ቁጥር ያለው ከባድ ጥቁር ስልክ ተሰክቶ ተቀምጧል። ደወሉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀውበት ስለነበር ድምፅ አያሰማም። ተማሪው መጽሐፍ መደገፊያ አድርጎት ነበር። እናቴ ስታየው «የአባትህ ስልክ!» ብላ እስካሁን ሳሎን ውስጥ እየወለወለችው ነው።

ጥያቄ፦ ያንን ኤክስቴንሽን ስልኩን ብቻ ነቅዬ ሽቦውን ልተወው ወይስ ሽቦውንም ልቁረጠው? እናቴ «ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል» ትላለች።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ቁረጠው። ምንም ያልተሰካበት ሽቦ ምንም አይሠራም ብለህ እንዳታስብ። ሞገዱ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ከፊሉ ወደዚያ ሽቦ ይገባል፤ ጫፉ ላይ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ይመጣና ከዋናው ጋር ይጋጫል። በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። ሞገዱ በሽቦው ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሽቦው 50 ሜትር ቢሆን ሄዶ ለመመለስ 100 ሜትር ነው፤ የሚጠፋፉት የሞገዱ ርዝመት 200 ሜትር በሆነበት ቦታ፣ ማለትም 1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ቤትህ ለሚመጣው ኢንተርኔት ከተመደበው መሃል ነው። ሞደሙ በዚያ አካባቢ ያሉትን ክፍሎች ባዶ አድርጎ ያልፋቸዋል፤ አንተ የምታየው የፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

መምህር ለምን እንደሚቆረጥ ነገረህ፤ እኔ እንዴት እንደሚቆረጥ ልንገርህ። ከመገጣጠሚያው ላይ ቁረጠው፤ ከሰርቪሱ በኩል ብትቆርጠው ጭራው ያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዋናውን ሽቦ አረንጓዴው እስኪያልቅና ቀዩ መዳብ እስኪታይ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጥ። በእጅ አትጠምዝዘው። ውስጡ ቅባት ያለበት ትንሽ የስልክ ሽቦ ማያያዣ አለ፤ ሁለቱን ጫፎች ሳትልጥ ታስገባና በፒንሳ ትጫነዋለህ፤ ቅባቱ ውኃ አያስገባም። ከመግቢያው በፊትም ሽቦው ወደ ታች ትንሽ ጎንበስ ብሎ እንዲወጣ አድርገው፤ ዝናቡ ከጎንበሱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መገጣጠሚያው አይመጣም።

የሞደምህን ገጽ መክፈት ትችላለህ? በኮምፒውተርህ ላይ 192.168.1.1 ብለህ ግባ፤ አንዳንዱ ሞደም ሌላ ቁጥር አለው፣ ከሥሩ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሁለት ቁጥር ላክልኝ፤ የሞገዱና የጫጫታው ልዩነት ኅዳግ (መስመሩ ሳይወድቅ ጫጫታ የሚችልበት ትርፍ) እና የመስመሩ ድካም (ሞገዱ በመንገድ የሚደክምበት መጠን)። ሁለቱም በዴሲቤል ነው የሚጻፉት።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ከጥገናው በፊት ፎቶ አንሥቼው ነበር፦ ኅዳግ 4፣ ድካም 38። አሁን ኅዳጉ 11 ሆኗል፤ ድካሙ 37። ስልኩን በሞባይል እየደወልሁ አስጮኽሁት፤ መብራቱ አልተነቃነቀም። ፋይል እየላክሁ እናቴ ከከሚሴ ጋር አወራች፤ ያለ ችግር ሄደ።

ድካሙ ያልተለወጠው ለምንድን ነው? ከማዞሪያው ብዙም ሩቅ አይደለንም፤ ከበረንዳችን ሕንፃው ይታያል።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

ድካሙ የርቀት ነገር ነው፤ በናስትሮ አይድንም። ከበረንዳህ መታየቱን ተወው፤ ዓይን የሚሄደው ቀጥታ ነው። ሽቦው ግን መንገድ ተከትሎ፣ ከሳጥን ሳጥን፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚደርስህ። ደሴ ላይ ስሠራ በዓይን ቅርብ የሆነ ቤት በሽቦ ሲለካ እጥፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። እዚህ ኮምቦልቻ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ዓይንህም ሽቦውም ብዙ አይለያዩም።

ድካሙ ሲጨምር መጀመሪያ የሚሞቱት ከፍተኛዎቹ ድግግሞሾች ናቸው። ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ በሴኮንድ 24 ሜጋ ቢት ይሰጣል ሲባል ለማዞሪያው ጎረቤት ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ላይ የደረሰ ሰው ጥቂቱን ካገኘ ያመስግን። የአንተ 38 መካከለኛ ነው። ኅዳጉ ከ6 በላይ እስከሆነ ድረስ መስመሩ ይቆማል፤ 4 በነበረበት ጊዜ አንድ የስልክ ደወል ሲጨመርበት መጣሉ አያስደንቅም።

ከምሰሶው ወደ ውጭ ያለው ሽቦ ግን የአንተ አይደለም። እዚያ ላይ ቅርክርታ ከሰማህ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክት እንጂ ራስህ ምሰሶ ላይ እንዳትወጣ።

አራዳ (ደሴ)

ይህ ሁሉ ድካም ለመዳብ ሽቦ ነው! ፋይበር ላይ ይህ ጣጣ የለም። የሚዝግ ነገር የለው፣ መብረቅ አይመጣበት፣ ፊልተር አይፈልግ። ስልኩም ከፋይበሩ ሳጥን ጀርባ ይሰካል። እኛ ሰፈር ገብቷል፤ አስገብቼ ተገላግያለሁ።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

በዚህ አራዳ እውነት አለው። ፋይበር ላይ ስልኩና ኢንተርኔቱ የሚለያዩት በድግግሞሽ አይደለም። ድምፁ ራሱ ወደ ቁጥር ተለውጦ ከኢንተርኔቱ ጋር በአንድ ብርሃን ይሄዳል። በብዙ ቤት የሚገባው ዓይነት ወደ ቤት የሚመጣውን 1,490 ናኖ ሜትር በሆነ የብርሃን ሞገድ፣ የሚላከውን 1,310 በሆነ ሌላ ሞገድ ያስኬዳል። ሳጥኑ ለድምፁ ቅድሚያ ስለሚሰጠው ቪዲዮ ቢከፈትም ንግግሩ አይቆራረጥም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኛም ወደ ፋይበር ልንሄድ እያሰብን ነበር፤ ስለዚህ ስፕሊተሩን አልገዛሁትም። የሚያሳስበኝ መብራት ነው። አሁን መብራት ሲጠፋ ገመድ አልባው ይሞታል፤ ባለገመዱ ስልክ ግን ይሠራል። አያቴ ሌሊት ስታማት የደወልነው በሱ ነው። በፋይበሩ ላይም እንደዚያው ነው?

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። የመዳቡ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያው ባትሪ በሽቦው በኩል ነው፤ ስለዚህ ቤትሽ ቢጨልምም ይሠራል። በብርጭቆ ክር ውስጥ ኤሌክትሪክ አይሄድም። ሳጥኑ መብራት ካጣ ስልኩም ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

አራዳ (ደሴ)

ሞባይል ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አራዳ ወንድሜ፣ አያቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። የምታውቀው ቁጥር የዚያ ስልክ ነው፤ የምታውቀውም እጀታ ማንሣት ነው። ጋሼ፣ መፍትሔ አለው?

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

አለው፣ ከባድም አይደለም። የፋይበሩ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ለራውተር ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ የባትሪ መጠባበቂያዎች አሉ፤ በኤሌክትሪክ መሰኪያውና በሳጥኑ መካከል ይገባሉ፣ መብራት ሲኖር ይሞላሉ፣ ሲጠፋ ያለ መቋረጥ ይረከባሉ። ስትገዢ ሁለት ነገር አመሳክሪ። በሳጥኑ አስማሚ ላይ የተጻፈው ቮልት ከባትሪው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ደግሞ የባትሪው ሊበልጥ ይችላል እንጂ ማነስ የለበትም። ዋይፋይ የሚረጨው ሌላ ራውተር ካላችሁ እሱን በዚያው ባትሪ ላይ አትጨምሪው፤ ለስልኩ የሚያስፈልገው የፋይበሩ ሳጥን ብቻ ነው፣ ባትሪውም በዚያው ልክ ይቆያል።

ሽቦና ምሰሶ (ኮምቦልቻ)

ለአያትሽም ገመድ ያለውን ስልክ ስኪላቸው፤ ገመድ አልባው የራሱ መብራት ይፈልጋል። ፋክሱን በተመለከተ ሳይቀየር በፊት ገጣሚዎቹን ጠይቂ፤ ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ፋክስ አንዳንዴ ይሳከርበታል። የድሮውን የመዳብ መስመር ደግሞ አዲሱ ስልክ መብራት ጠፍቶ ሲሠራ በዓይንሽ ሳታዪ እንዳታስነቅዪው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እሺ ጋሼ፤ አስማሚው ላይ 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር ይላል። 2 አምፔር የሚሰጥ ባትሪ ብገዛ ይሆናል ማለት ነው?

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ይሆናል። የመሰኪያው ጫፍ ውፍረት መግጠሙንም ሱቁ ውስጥ እያለሽ አረጋግጪ፤ አስማሚውን ይዘሽ ሂጂ።